የአያትህን ጠመንጃ ለግራይንደር አትስጠው

በደብረ ማርቆስ ለብረታ ብረትና ብየዳ ተመራቂዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ የምትመረቁ ልጆቼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የተጠራሁት ስለ ሥራ ፈጠራ እንድናገር ነበር። ከእኔ በፊት የተናገሩት በደንብ አድርገው ስላነሱት አልደግመውም። እኔ በምረቃ ቀን ማንም የማያነሳውን ነገር ላንሳ። ሱቅ ከፍታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ደጃችሁ ድረስ ይመጣልና። ስለ ጠመንጃ ነው።

አመጣጡን ልንገራችሁ። አመሻሽ ላይ ደንበኛ ሲያልቅ፣ አንድ የምታውቁት ሰው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይገባል። የአጎታችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል። የሰፈራችሁ ትልቅ ሰው ሊሆን ይችላል። «ይቺን ነካ ነካ አድርግልኝማ፣ አንተ እኮ እጅህ የተባረከ ነው» ይላችኋል። ትፈቱታላችሁ። የተሰነጠቀ ማቀባበያ፣ የላላ ቃታ፣ ዝገት የበላው በርሜል። እናንተ ደግሞ ብረት የሚቆርጥና የሚሞርድ ግራይንደር አላችሁ፣ የብየዳ ማሽን አላችሁ፣ ድሪል አላችሁ። እጃችሁ ይበላችኋል።

እምቢ ማለት ይከብዳል። ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ተራ ብረት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወጨፎው፣ ለበኑ፣ ምንሽሩ ከነታሪኩ ነው የሚወረሰው። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን እነ በላይ ዘለቀ ከጠላት እየማረኩ የታጠቁበት አገር ነው። አያቱ በረሃ የገባበትን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያደገ ልጅ፣ ያ ጠመንጃ ድምፁ ጠፍቶ ሲያይ ያመዋል። ያንን ሕመም አልንቅም። የምለው ሌላ ነው። ያንን ጠመንጃ በእኛ መሣሪያ ማዳን አይቻልም። ማበላሸትና ሰው መግደል ግን ይቻላል።

ለምን እንደሆነ እናንተ ከማንም በላይ ይገባችኋል፣ ተምራችሁታልና።

የክላሽ ጥይት ሲተኮስ በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ከ3 ሺህ አትሞስፌር በላይ ነው። የአይሱዙ ጎማ የምትነፉት በ7 ወይም በ8 ነው። ጎማ ሲፈነዳ ሰው እንደሚጥል ሁላችሁም አይታችኋል። ያንን ሁሉ ግፊት ተሸክሞ የሚያቆመው ከቀለሁ በስተኋላ የሚቆልፈው ብረት ነው። ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያሳረፈ ሰው ዐይኑ ከዚያ ብረት የሚርቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

ያ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ግሎ፣ ድንገት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ሞቆ ነው ጥንካሬውን ያገኘው። ጥንካሬው መልኩ ላይ አይታይም። አንድ አሮጌ ሞረድ ግራይንደር ላይ አስነኩና ጫፉን ተመልከቱ። መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል። ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ሲሆን 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያ ጫፍ ብረት አይነክስም፣ ለስልሷል። ይህ በግራይንደር ብቻ ነው። የብየዳ ቅስት ደግሞ ከ3 ሺህ ዲግሪ በላይ ነው። የጠመንጃ ቁልፍ ላይ ብየዳ ስታሳርፉ አንዱ ጎኑ ይለሰልሳል፣ አጠገቡ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ላዩን በሞረድ ብታለሰልሱት ያምራል። መጀመሪያ ሲተኮስ ይሠራ ይሆናል። ሁለተኛውም ሊያልፍ ይችላል። ስንጥቁ ውስጥ ለውስጥ እየሄደ ነው፤ ባለቤቱ ግን «ተሠራልኝ» ብሎ ለልጁ ያወርሰዋል።

አሮጌዎቹ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። ውጅግራ የምንለው፣ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ በፈረንጆች 1874 የወጣ ነው። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ዛሬ ያለው ጥይት ጭስ አልባ ባሩድ ነው፣ ግፊቱ እጅግ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ለዛሬ ጥይት እንዲሆን አስተካክልልኝ የሚል ሰው ሲመጣ፣ የሚጠይቃችሁ ምን እንደሆነ እሱ አያውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ።

ከዚህ የከፋም አለ። ከውሃ ቧንቧ ቆርጠው፣ ድሪልና ግራይንደር ይዘው «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚባለውን የእጅ ሥራ ጠመንጃ የሚሠሩ ልጆች አሉ። የውሃ ቧንቧ ከተራ ላሜራ ተጠቅልሎ በርዝመቱ የተበየደ ነገር ነው። የተሠራው የቧንቧ ውሃ ለማሳለፍ ነው። ሲፈነዳ ቀድሞ የሚያገኘው የያዘውን እጅ ነው። እጅ ደግሞ ለእኛ ሙያ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሕጉንም ልንገራችሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መሥራትንም መጠገንንም አይፈቅድም። ሱቃችሁ ይታሸጋል፣ እናንተ ትታሰራላችሁ። በዚያ ጠመንጃ ሰው ከሞተ ደግሞ፣ ደም የሚመላለሰው በሁለት ቤተሰብ መካከል ብቻ አይቀርም። «ማን ሠራለት?» ይባላል። ይህን አገር ታውቁታላችሁ።

«አባቶቻችንም መድፍ ሠርተዋል» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። ደስ ይለኛል፣ ታሪክ ያነበበ ነውና። አዎ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ አስቀልጠዋል። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ገባ። ዛሬም እዚያው አለ። ነገር ግን ጋፋት አንድ ሰው በሌሊት በሩን ዘግቶ የሠራበት ቦታ አልነበረም። ከባዝል አቅራቢያ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች፣ ከነሱ ጋር የሚሠሩና የሚማሩ የአገራችን ሰዎች፣ ምድጃ፣ ቅርጽ ማውጫ፣ እንጨት ቆራጭ፣ ከሰል አክሳይ ነበረበት። እኔን ከጋፋት የሚያኮራኝ መድፉ አይደለም። ንጉሥ የእጅ ባለሙያን ከጎኑ ያስቀመጠበት ቦታ መሆኑ ነው።

ምክንያቱም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብረት ቀጥቃጭ እዚህ አገር የኖረው ኑሮ ያሳፍራል። ማረሻውንና ማጭዱን ከሱ እየገዛን፣ ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ልጁን ከልጃችን ለየነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ቶሎ አልወጣም። በእናንተ ዕድሜ እንኳ «ልጄ ብየዳ ተማረ» ለማለት የሚሸማቀቅ ወላጅ አለ። እናንተ ወላጆች ዛሬ እዚህ መጥታችሁ ስትኮሩ በማየቴ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም።

የሚያስጨንቀኝም እዚህ ላይ ነው። ለዘመናት ክብር የተነፈገ ሙያ፣ አሁን አቋራጭ ክብር ቀርቦለታል። ጠመንጃ ያዳነ ልጅ በአንድ ሌሊት ስሙ ይወጣል። የበቆሎ መፈልፈያ የሠራ ልጅ ስሙ አይወጣም። ያ ሚዛን ትክክል አይደለም። እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።

ሰውየው ጋቢውን ፈትቶ ሲጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? አታመናጭቁት። «አያ፣ ይህ የኔ ሙያ አይደለም፣ ብየዳ ይገድለዋል» በሉት። ጠመንጃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳዩት። አሮጌ ጠመንጃ ላይ ፋብሪካውና ዓመቱ ተቀርጿል። የጣሊያኑ ላይ ቴርኒ ወይም ብሬሺያ፣ የፈረንሳዩ ላይ ሳንቴትየን ወይም ሻቴልሮ ይገኛል። ፊደሉ የጥፍር ውፍረት እንኳ ጥልቀት የለውም። ዝገት አስለቅቃለሁ ብላችሁ የሽቦ ብሩሽ ግራይንደር ላይ አስራችሁ ብትነኩት ይጠፋል። አያቱ ከማን እጅ እንደማረከው የሚመሰክረው ያ ጽሑፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱን ያውጣበት፣ ጥይት እንደሌለው ያረጋግጥ፣ በጨርቅና በዘይት ይወልውለው፣ ያስቀምጠው። መተኮሱ ይቅርበት።

አሁን ስለ ግራይንደሩ ራሱ ልናገር፣ ከጠመንጃው ይልቅ በየቀኑ የሚጎዳን እሱ ነውና። ትንሿ የ115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11 ሺህ ጊዜ ያህል ትዞራለች። መከለያዋን አውልቆ የትልቋን 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚያስርባት ሰው በየሱቁ አለ፤ «ጠለቅ አድርጎ ይቆርጣል» ይላል። ሒሳቡን እንሥራው። ትልቁ ዲስክ የተሠራው ጠርዙ በሰከንድ እስከ 80 ሜትር እንዲሄድ ነው። በትንሿ ላይ ሲታሰር ከ130 ሜትር ያልፋል። በሰዓት ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ዲስኩ ሙጫና አሸዋ ነው። ይበተናል። ሲበተን መከለያው የለም። ፊት ነው ያለው።

መብራት ሲጠፋም ተጠንቀቁ። ግራይንደሩ ቆመ ብላችሁ ማብሪያውን ሳታጠፉ መሬት አስቀምጣችሁት ሻይ ትጠጣላችሁ። መብራቱ ሲመጣ ብቻውን ይነሳል። ሶኬቱን ንቀሉ። ጓንትም ቢሆን የላላና ክሩ የተተረተረ ከሆነ ይጠመጠማል፣ ነጠላና ሻርፕም እንዲሁ። ዐይናችሁ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ከገባ ጓደኛችሁ በክብሪት እንጨት እንዲያወጣላችሁ አትፍቀዱ። ብረቱ ባለበት ይዝጋል፣ ዝገቱም ብሌኑን ይይዘዋል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሥራ የለም እንዳትሉኝ። በጤፍና በበቆሎ መካከል ተቀምጣችኋል። ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ከአዴት እስከ መራዊ ገበሬው አሁንም በበሬ እያበራየ ነው። ባሕር ዳር የግብርና ሜካናይዜሽን ምርምር ማዕከል አለ። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ብረት ሠራተኛ ሲያወጣ ኖሯል። የመውቂያ ማሽን ዘንግ የሚያስተካክል፣ የወፍጮ ቋት የሚበይድ፣ የውሃ ፓምፕ መቀመጫ የሚሠራ ሰው በየወረዳው ይፈለጋል። አንድ መውቂያ በትክክል የጠገነ ልጅ በመኸር ወቅት እንቅልፍ የለውም።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ወርክሾፑ ክፍት ነው። ከየሱቁ ዲስክ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ ተብያለሁ። መሐሉ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት አብረን እናነባለን፣ ወርና ዓመት ተጽፎበታል። ሙጫው ከተመረተ ከ3 ዓመት በኋላ አይታመንም። ጊዜው ያለፈበትን እዚያው ሰብረን እንጥላለን፤ በምትኩ አዲስ የሚሰጡ የሥራ ባልደረቦቼ በሩ ላይ ቆመዋል። ወላጆችም ግቡ፣ ልጆቻችሁ የሠሩትን መፈልፈያ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ።