ያረጀ መኪና የሞተር ክዳን ቤት ውስጥ እንዴት ይቀባል

(ኮፈኑ ሲከፈት)

እሺ ይሄን እዩት። የቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ክዳን ነው፣ ዘይት የምንጨምርበት ቀዳዳ ያለበት ማለት ነው፣ ቀለሙ ተልጦ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት ድሮ ምን መልክ እንደነበረው ራሱ አይታወቅም። ዛሬ ፈትተን እንቀባዋለን። ሳይፈታ እዛው ላይ ፕላስተር ለጥፎ መንፋት ይቻላል የሚሉ አሉ፣ ይቻላል፣ ግን ስርስሩን ማጽዳት ስለማትችሉ ቶሎ ይላጣል።

ቀለሙ ተራ ስፕሬይ አይሆንም፣ ሙቀቱን አይችልም። የሞተር ቀለም የሚባለው አብዛኛው እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፣ ለክዳኑ በደንብ ይበቃል። የጭስ ማኒፎልዱ፣ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ቱቦ፣ ግን እሳት ነው፣ እሱ 650 አካባቢ የሚችል የራሱ ቀለም አለው።

አሁን ዋናው ስራ፣ እጥበቱ። በቅባት ማጽጃና በብሩሽ ፈትጉት፣ በ180 ብርጭቆ ወረቀት ከዛ በ320 አሹት፣ እንደገና እጠቡት። ጸድቷል ወይ? ውሃ አፍስሱበት። (ካሜራው ይጠጋል) እዚ ጋ ውሃው ሳይቆራረጥ ተንጣሎ ወረደ አይደል፣ እዚች የብሎን ቀዳዳ ጋ ግን እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሰርቶ ቆመ፣ ቅባት አለ ማለት ነው፣ ድገሙት። እና በአሸዋ አስነፋዋለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ክዳኑ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ስር የተደበቀች አሸዋ በኋላ ዘይቱ ውስጥ ገብታ ብሮንዚኑን፣ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት፣ ትበላዋለች፣ ቀለም ልቀባ ብሎ ሞተር ማውረድ ይመጣል።

ጓርኒሲዮኑ፣ ዘይት እንዳያፈስ መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ የሚያርፍበት ፊት ቀለም አይንካው፣ ዘይት ያፈሳል። ፕላስተሩን ሰፋ አድርጋችሁ ለጥፉና ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት፣ ብረቱ ራሱ ልክክ አድርጎ ይቆርጥላችኋል፣ እኔ ይሄን እስካውቅ ድረስ በምላጭ ስንት ሰአት ፈጅቻለሁ።

ክዳኑ አሉሚኒየም ከሆነ ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ ስር የሚቀባው፣ ቅድሚያ። ከዛ አየር ባለበት ቦታ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ርቃችሁ ስስ ስስ አድርጋችሁ ንፉ፣ የመጀመሪያው ዙር ጭጋግ ነገር ይሁን፣ ስሩ ቢታይም ችግር የለውም። በየመሀሉ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈው ካለ ግን እሱን ስሙ። እኔ በፊት አንዱን ቀብቼ ማታ ጨርሼ በማግስቱ "አንድ ዙር ልጨምር" ብዬ ነፋሁበት፣ ዐይኔ እያየ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ። ብዙዎቹ ቀለሞች ወይ በ1 ሰአት ውስጥ ወይ ከ7 ቀን በኋላ ነው የሚደገሙት፣ መሀል ላይ ከገባችሁ የታችኛው ገና ስላልደረቀ የላይኛው ቲነር ያሳብጠዋል። ያንን ሁሉ ፍቄ ከዜሮ ጀመርኩ።

ስትገጥሙት አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጉ፣ ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር በትንሽ በትንሹ አጥብቁ፣ አታንቁት። ሞተሩ መጀመሪያ ሲሞቅ የቀለም ሽታ ይኖራል፣ ምንም አይደል፣ ጭስ ካያችሁ ግን አጥፉትና ማኒፎልዱ ላይ ዘይት ተንጠባጥቦ እንደሆነ በባትሪ እዩ።