ረጅሙ መስመር፣ አጭሩ ጊዜ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ወረቀትና እርሳስ ካለ ያዙ። መኪና እየነዳችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ በሐሳብ ሳሉት።

ሰሞኑን ጭንቅላቴን የያዘው የሚንኮቭስኪ ዲያግራም ነው። አንስታይን ልዩ አንጻራዊነትን፣ ማለትም ጊዜና ርቀት እንደ ተመልካቹ ፍጥነት ይለያያሉ የሚለውን ሐሳብ፣ ያወጣው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ከ3 ዓመት በኋላ፣ ተማሪ ሳለ ሒሳብ ያስተማረው ኸርማን ሚንኮቭስኪ ጊዜንና ቦታን አንድ ላይ አድርጎ በሥዕል አመጣው። አንስታይን መጀመሪያ ላይ ብዙም ቁብ አልሰጠውም። ኋላ ስለ ስበት ሲያስብ ግን ግድ ሆነበት።

አሳሳሉ ቀላል ነው። ጊዜ ወደ ላይ፣ ቦታ ወደ ጎን። 1 ዓመትና 1 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በዓመት የሚሄደው ርቀት) እኩል ርዝመት ስጧቸው። ያኔ ብርሃን በ45 ዲግሪ ሰያፍ ይሄዳል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰውም መስመር አለው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ይቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት። ሶፋ ላይ ተጋድመህም እየተጓዝክ ነው።

አሁን መንታ እህትማማቾችን ሳሉ። አንዷ ቤት ቀረች፤ 10 ዓመት፣ ቀጥ ያለ መስመር። ሌላዋ በብርሃን ፍጥነት 60 በመቶ 5 ዓመት ሄደች፣ 3 የብርሃን ዓመት ራቀች፣ ከዚያ ዞራ ተመለሰች። መስመሯ የተሰበረ ነው። በማስመሪያ ለኩት፤ የእሷ ይረዝማል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ ያለፈባት እሷ ናት ማለት ነው?

በፍጹም! ወረቀቱ እዚህ ላይ ጉድ ይሠራችኋል። የመሄጃውን ብቻ ውሰዱ፤ 5 በ5 25፣ 3 በ3 9። ፓይታጎረስ ቢሆን 25 ላይ 9 ይደምር ነበር። እዚህ ግን ይቀነሳል። 25 ሲቀነስ 9፣ 16። ሥሩ 4። ደርሶ መልስ 8 ዓመት። እህቷ 10 ዓመት ስታረጅ እሷ 8 ብቻ። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች የመቀነስ ምልክት ውስጥ ነው፤ ዓይናችን ደግሞ ምልክቷን አያያትም።

«ግን እኮ ለተጓዧ የምትርቀው ቤት የቀረችው ናት፤ ታዲያ ማን ነው የሚያንሰው?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚህ «አሁን» የሚባለውን መስመር ሳሉ፤ ለአንድ ሰው በአንድ ቅጽበት የሚሆነውን ሁሉ የሚያገናኝ መስመር ነው። ቤት ላለችው አግድም ነው። ለተጓዧ ግን ያዘነብላል። የእሷ የጊዜ መስመርና የ«አሁን» መስመሯ ከሁለት ወገን ወደ ብርሃን መስመር እንደ መቀስ ይጠጋጋሉ። ልትዞር ስትል መስመሯ ቤት ላይ የሚያርፈው 3.2 ዓመት ላይ ነው። እንደዞረች ወደ ሌላ ጎን ያዘነብልና 6.8 ላይ ያርፋል። መሃል ላይ 3.6 ዓመት ተዘለለ! ቤት ያለችው እህት ምንም አልተሰማትም፤ ቀኗን ስትኖር ነበር። የዞረው የተጓዧ መስመር ነው። በቀመር ብቻ ስሠራው እውነት መሆኑን አምን ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያየሁት ግን እዚህ ሥዕል ላይ ነው።

እስቲ ራሳችሁ ሞክሩት። የቤቷን 10 ዓመት እንዳለ ተዉት፣ ፍጥነቱን 80 በመቶ አድርጉና ከዜሮ ሳሉ። ለተጓዧ 6 ዓመት ካልመጣላችሁ፣ ደምራችኋል ማለት ነው።