ሸክላ መሰብሰብ እንዴት ሰለቸኝ

[ምስል፦ የሸክላ ማጫወቻ በቅርብ። ክዳኑ ላይ አቧራ፤ አቧራው ላይ የአንድ ጣት መስመር።]

ይህን አቧራ ታያላችሁ? የእኔ ነው። ማጫወቻው የእኔ ነው፤ አቧራውም በእኔው ስንፍና የመጣ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሳሎኔ ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ 312 ሸክላዎች ነበሩ። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ ቆጠርኳቸው። ቆጥሬ ስጨርስ፣ ከመስከረም ወዲህ ስንቱን አጫወትኩ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አራት። ከአራቱም አንዱን ያጫወትኩት ሊገዛኝ የመጣ ሰው «ድምፁን ልስማው» ስላለኝ ነው።

ሸክላ መሰብሰብ እንዴት እንደሚጀመር የሚያስተምር ቪዲዮ ሞልቷል፤ እኔም እነሱን አይቼ ነው የገባሁበት። ፍቅሩ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚመስል የሚናገር ግን ብዙ አላየሁም። ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁና እንዳትደናገሩ።

[ምስል፦ ጀበና፤ ከጎኑ ሸክላ።]

መጀመሪያ ስለ ስሙ። አንድ ጊዜ ለአክስቴ በስልክ «ሸክላ እሰበስባለሁ» አልኳት። በዓመቱ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በጋቢ የተጠቀለለ ጀበና ከሻንጣዋ አወጣች። «ሸክላ እሰበስባለሁ ብለኸኝ የለ?» አለችኝ። ምን ልበላት! ጀበናው እስካሁን ከማጫወቻው አጠገብ ተቀምጧል፤ እውነቱን ለመናገር ከማጫወቻው ይልቅ እሱ ነው የሚሠራው።

ደግሞም አልተሳሳተችም። የድሮው ዲስክ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነበር። ከእጅ ካመለጠ እንደ እንስራ ነው የሚሰበረው። ዛሬ የምንገዛው ቪኒል ፕላስቲክ ነው፤ እንደዚያኛው በቀላሉ አይሰበርም። ስሙ ግን ሸክላ እንደተባለ ቀረ።

[አኒሜሽን፦ የሸክላ ገጽ በጣም ቀርቦ ሲታይ።]

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ሸክላን በማጉያ መነጽር ብታዩት የታረሰ ማሳ ይመስላል። ላዩ ላይ ብዙ ክብ መስመሮች ያሉ ይመስላችኋል እንጂ ያለው አንድ ፈር ብቻ ነው፤ ከዳር ተነሥቶ እየተጠቀለለ ወደ መሃል የሚገባ። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል። በአንድ ገጹ 22 ደቂቃ ሙዚቃ ካለ፣ ፈሩ ተፈትቶ ቢዘረጋ ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የፈሩ ግድግዳ ድምፁን ተከትሎ ይወላገዳል። ጫፏ አልማዝ የሆነች መርፌ በዚያ ውስጥ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፤ መርፌዋ የተሰካችበት ካርትሪጅ የሚባል ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያሉት ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ንቅጥቃጤውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል፤ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሻጮች ብዙም የማያነሱት አንድ ጉዳይ ግን አለ። ሸክላው የሚዞርበት ፍጥነት አይለወጥም፤ ክቡ ግን ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ይጠባል። ስለዚህ ዳር ላይ በአንድ ሰከንድ ከመርፌዋ ሥር 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈር ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ግን 21 ገደማ ብቻ። ያው የአንድ ሰከንድ ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ይታጨቃል። በገጹ የመጨረሻ ዘፈን ላይ «ስ» እና «ሽ» ሲሻክሩባችሁ ማጫወቻችሁ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። እኔ ደንግጬ መርፌ ቀይሬያለሁ፣ በከንቱ።

[ምስል፦ እጅ ሸክላ በብሩሽ ሲጠርግ፣ ሲገለብጥ፣ መርፌ ሲያሳርፍ።]

መጀመሪያ ሰሞን ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ ራሱ ደስታ ነው። ከልባሱ ታወጡታላችሁ፣ በብሩሽ ትጠርጉታላችሁ፣ መርፌዋን ቀስ ብላችሁ ታሳርፋላችሁ፣ ከ22 ደቂቃ በኋላ ተነሥታችሁ ትገለብጡታላችሁ። ቡና እንደማፍላት ነው፤ ሥርዓት አለው። ቡና ሲፈላ ግን ጎረቤት ይጠራል። እኔ ሸክላዬን ብቻዬን ነበር የምጠጣው። ይህን ያስተዋልኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

[ምስል፦ የአዲስ አበባ ፒያሳ፣ የድሮ ፎቶግራፎች።]

የእኔን በሽታ ያባባሰው የአገራችን ሸክላ ነው። ታሪኩ አጭር ነው፤ ማጠሩ ነው ጉዱ። እርግጥ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1910 በፊት ጀምሮ በርሊን ውስጥ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኳቸው የመኪና ሙያ እንዲማሩ ነበር። ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዘመን ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ በ1969 ነው የሚጀምረው። ያኔ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ ፈቃድ የነበረው ሀገር ፍቅር ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ግን ያንን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ሕንድ ተላከ፤ በኋላም ቤይሩትና ግሪክ እየታተመ ይመጣ ነበር።

አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ፣ በየገጻቸው አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙ ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል ትልልቆችን አወጣ። ፊሊፕስ ነበረ፣ የአሊ አብደላ ካይፋ ካይፋ ሪከርድስ ነበረ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ዘጋው፣ አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ካሴት ደግሞ ረከሰ፤ ማንም ቤቱ ይገለብጠዋል። በ1978 የሸክላው ዘመን አበቃ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የወጣው ሁሉ ቢደመር 500 የማይሞሉ ትንንሽና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ነው።

ለሰብሳቢ ይህ ቁጥር መርዝ ነው። የአሜሪካን ሸክላ ሁሉ ልሰብስብ የሚል ሞኝ የለም። አምስት መቶ ግን... «ቢቆይም ይሞላል» ትላላችሁ። በዚያ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮጲክስ የተባለውን የሲዲ ስብስብ ፈረንሳይ ውስጥ ማውጣት ሲጀምር፣ በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲሰማ፣ ከቶኪዮ እስከ ፓሪስ ያለ ሰብሳቢ ሁሉ የእኛን ሸክላ ፍለጋ ወጣ። አንድ የዘፈን ሸክላ በመቶዎች ዶላር መሸጥ ጀመረ። አዲስ አበባ በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ተጥሎ የነበረው በሻንጣ ተጭኖ ወጣ።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን፣ የጨረታ ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጥር።]

እኔም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ ተነሥቼ የምጫረት ሰው ሆንኩ። አንዷን በ180 ዶላር ከአውሮፓ አሸነፍኳት። ባለቤቴ ዋጋውን ስትጠይቀኝ «አንድ መቶ» አልኳት፤ ይህን ቪዲዮ ካየች እዚህ ላይ ታቆመዋለች። ሸክላዋ መጣች። አጠብኳት፣ አንዴ ሰማኋት፣ ፎቶ አነሣኋት፣ ዲስኮግስ በሚባለው የሰብሳቢዎች ድረ ገጽ ላይ መዘገብኳት፣ በላስቲክ ከትቼ መደርደሪያ ላይ አቆምኳት። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ለፍለጋው ግን ሰባት ወር ፈጅቶብኝ ነበር። ማታውኑ ሌላ መፈለግ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሳይንስ። ኬንት ቤሪጅ የሚባል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ተመራማሪ ለረጅም ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው፤ መፈለግና መውደድ አንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአንጎላቸው እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ አይነሡም። ስኳር ምላሳቸው ላይ ሲደረግላቸው ግን ፊታቸው እንደ ጤነኞቹ ይፈካል፤ ጣዕሙ አልጠፋም፣ የጠፋው ፍላጎቱ ነው። የእኔ ችግር የአይጦቹ ግልባጭ ነበር። ፍላጎቱ እንደ እሳት ይነድዳል፤ ስኳሩ ምላሴ ላይ ሲደርስ ግን ሐሳቤ ሌላ ስኳር ጋ ነው።

ብቻዬንም አይደለሁም። በ2022 አሜሪካ ውስጥ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ ግን 33 ሚሊዮን ነበር፤ ሸክላ በብዛት ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ይህን ዜና ሰምተን ሁላችንም ጮቤ ረገጥን። በዓመቱ ደግሞ የሙዚቃ ሽያጭ የሚመዘግበው ሉሚኔት ሌላ ቁጥር አወጣ፤ በዓመቱ ውስጥ ሸክላ ከገዙት ሰዎች ማጫወቻ ያላቸው ግማሹ ብቻ ናቸው። ይህን ሳነብ ሳቅሁባቸው። እኔ ማጫወቻ አለኝ! አቧራ የለበሰ ማጫወቻ።

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን። የመርፌ ጭርጭርታ ብቻ ይሰማል።]

«ድምፁስ? ድምፁ ከስልክ አይሻልም?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ልብ የሚነካ ድምፅ አለው፣ አልክድም። ግን በ2022 የሆነውን ስሙ። ሞባይል ፊዴሊቲ የሚባለው ኩባንያ ውድ ሸክላዎችን የሚያወጣ ነው፤ ሰብሳቢው ከዋናው ቴፕ በቀጥታ፣ ምንም ዲጂታል ሳይነካው የተቀረጸ ነው ብሎ አምኖ ይገዛ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ አንድ የፊኒክስ፣ አሪዞና ሸክላ ሻጭ ጉዳዩን ይፋ አወጣው፤ ኩባንያውም ከ2011 ጀምሮ በመካከል ዲጂታል ቅጂ ይጠቀም እንደነበር አመነ። ዐሥር ዓመት ሙሉ «ዲጂታልን በጆሮዬ እለየዋለሁ» ሲሉ የነበሩ ሰዎች እነዚያኑ ሸክላዎች ሲያወድሱ ኖረዋል። ከአወዳሾቹ አንዱ እኔ ነኝ። በደንብ ነው የምሰማው፣ ግን የምሰማው የከፈልኩትን ገንዘብ ጭምር ነው መሰለኝ።

ከዚያ ቤት ቀየርን። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ትልልቆቹ ሸክላዎች ብቻ ከ60 ኪሎ በላይ ናቸው። ስለ መሰልቸት ብዙ ተጽፏል፤ እንደ ደረጃ ግን የሚያስረዳ የለም።

[ምስል፦ ሳሎን። አሮጌ እጆች ሸክላዎችን አንድ በአንድ ሲያገላብጡ።]

አዲሱ ቤት ሊመርቁልን የአባቴ ታላቅ ወንድም መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው፣ ያ ሁሉ ሸክላ ሲወጣ፣ ፒያሳ ነበሩ። መደርደሪያዬን አዩና፣

«ይኼ ሁሉ ያንተ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንቱን በቃልህ ትይዘዋለህ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ቀጠሉ፦ «እኔ ሁለት ነበሩኝ። ሁለቱም አለቁ።»

አለቁ ሲሉኝ ጠፉ ያሉኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ተጫውተው ተጫውተው ማለቃቸው ነው፤ ፈሩ ተበልቶ ድምፁ እስኪነጣ። ሰፈር ውስጥ ማጫወቻ ያለው አንድ ቤት ነበር አሉኝ፤ ሸክላውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው እዚያ ይሄዳሉ፣ ጎረምሳው ሁሉ ይሰበሰባል፣ አንዱን ዘፈን እስኪመሽ ይደጋግሙታል።

ከእኔዎቹ መካከል የሚያውቁትን አንድ ሸክላ መዘዙ። የከፋው እሱ ነው፤ ሻጩ «እንደ አዲስ» ብሎ ልኮልኝ ተጭሮ የደረሰኝ። መሃል ላይ መርፌዋ ፈሯን ስታ ትዘላለች። ላወጣው እጄን ስዘረጋ ጋሼ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ አንድ ሩብ ዶላር አወጡ፣ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ይዘው መርፌዋ ክንድ ጫፍ ላይ ቁጭ አደረጉት። ልቤ ቀጥ አለ። እዚያ ክንድ ላይ የሚያርፈውን ክብደት እኔ በግራም እየመዘንኩ ነው የማስተካክለው፤ ሳንቲም መጫን ፈሩን ማረስ ነው። ክንዱ ግን ጭረቱን ተሻገረ። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ጋሼም ከዘፋኙ ቀድመው ግጥሙን እያወረዱ ነበር።

[ምስል፦ ባዶ እየሆነ ያለ መደርደሪያ።]

በወሩ 230 ያህሉን ሸጥኩ። አብዛኛውን አንድ ሱቅ በጅምላ ወሰደው፣ ባወጣሁት ዋጋ ሲሶ። እሱ አልከበደኝም። የከበደኝ ዲስኮግስ ላይ ያለውን «የምፈልጋቸው» የሚለውን ዝርዝር መሰረዝ ነው። ያልገዛኋቸውን፣ አንድም ቀን ነክቼ የማላውቃቸውን ሸክላዎች ስሰርዝ ሰው የምቀብር ነበር የሚመስለኝ። ሸክላ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት አልልም፤ ዝርዝሩን ግን አትክፈቱት። ሲያምራችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ፣ ያገኛችሁትን አንድ ግዙ፣ እሱን ሳትጠግቡ ሌላ አትጨምሩ።

የአገሬዎቹን 41 አልሸጥኩም። ከነሱ አንዱን፣ ያቺን የተጫረችውን፣ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ስሄድ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ አጠገብ ተደግፋ ቆማለች። ማጫወቻ የላቸውም። የሉሚኔት ቁጥር ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«ጋሼ፣ ማጫወቻ ላምጣልዎት? እኔ ጋ ትርፍ አለ» አልኳቸው።

«ለምን?» አሉኝ። «አውቀዋለሁ እኮ።»