ብሎኑስ ገጥሞ ነበር

ሜሮን፦ ዛሬ ዳዊት ባዶ እጁን አልመጣም። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ክፍሉም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ዳዊት፦ አጥቤው ነው እኮ የመጣሁት! ይኼ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው አሮጌው ካርቡራተር፣ ይኼ አዲሱ፣ ይቺ ደግሞ ካርቡራተሩን ከሞተሩ የምታገናኘው ማኒፎልዷ። የ125 ሲሲ ሞተሬ ናቸው። አሮጌው ውስጡ ተበልቶ ስላለቀ ቀየርኩት። ብሎኖቹ ልክክ ብለው ገጠሙ፣ ሞተሩም ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላም የለኝም።

ሜሮን፦ ምን ያደርጋል?

ዳዊት፦ ቤንዚን ቀስ ብዬ ስሰጠው ይሄዳል። ድንገት ስከፍተው እንቅ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይስፈነጠራል። ስለቀው ደግሞ ሚኒሞው፣ ቤንዚን ሳልሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ አይወርድም፤ እዚያው ላይ ይጮኻል።

ሜሮን፦ ሁለት በሽታ ይመስለኛል። እስቲ ሁለቱ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ።

ዳዊት፦ አሮጌው ፒዜድ 27። አዲሱ... ፒዜድ 30። ትንሽ ጉልበት ይጨምርልኛል ብዬ ነዋ!

ሜሮን፦ ጠርጥሬ ነበር። ቁጥሩ የአየር ማለፊያው ጉሮሮ በሚሊ ሜትር ነው። 3 ሚሊ ምን አላት ትላለህ፤ ግን ብታሰላው አየሩ የሚያልፍበት ስፋት 23 ከመቶ ጨምሯል። ሞተሩ ያው 125 ነው፣ የሚስበው አየር አልጨመረም። ያው አየር በሰፊ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይወርዳል። ቤንዚኑን ከታች መጥጦ የሚያወጣው ደግሞ ያ ፍጥነት ነው። ድንገት ስትከፍተው አየሩ ይሰንፋል፣ ቤንዚኑ ሳይከተለው ይቀራል።

ዳዊት፦ ቀጭን ገለባ ትቼ ቧንቧ ገዛሁ በይኛ።

ሜሮን፦ (ሳቅ) 200 ሲሲ ሞተር ላይ ብታስረው ያምርበት ነበር።

ዳዊት፦ ጂግለር፣ ያቺን ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ብቀይርለትስ?

ሜሮን፦ ዋናው ጂግለር ሥራው የሚጎላው ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ስትከፍተው ነው። መሃል ላይ የሚገዛው ካርቡራተሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው መርፌ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ትንሹ ጂግለርና የጎኑ ብሎን። ያንተ ችግር ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ትልቁን ጂግለር ስንቴ ብትቀያይር እሳት የምትለኩሰውን ካንዴላ ከማጥቆር ሌላ ምን ታተርፋለህ?

ዳዊት፦ የጎኑን ብሎን እኔም ነካክቼዋለሁ፣ እውነት ለመናገር።

ሜሮን፦ ሁሉም ሰው ይነካካዋል! ግን የት በኩል እንዳለ አይተሃል? ወደ አየር ማጣሪያው፣ ወደ ፊልትሮው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየር ነው፤ ስትፈታው ቤንዚኑ ይቀጥናል፣ ማለትም ከአየሩ አንፃር ያንሳል። ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ስትፈታው ይወፍራል። ይኼን ሳያዩ ማዞር ዳኝነቱን ለዕድል መስጠት ነው። ቀስ አድርገህ እስኪነካ ዝጋው፣ ከዚያ 1 ዙር ተኩል ፈትተህ ጀምር።

ዳዊት፦ እሺ፣ የማይወርደው ሚኒሞስ?

ሜሮን፦ ለእሱ ማኒፎልዷን ስጠኝ። ሰው ስለ ካርቡራተር ያወራል ያወራል፣ እሷን ማንም አያያትም። ይኸው መለኪያው ካሊፐር፤ ውስጧን ለካ።

ዳዊት፦ 27 አካባቢ።

ሜሮን፦ ካርቡራተርህ 30። ዙሪያውን 1 ሚሊ ተኩል ደረጃ ተፈጠረ ማለት ነው። ተን ሆኖ መሄድ የነበረበት ቤንዚን እዚያ ጠርዝ ላይ እየተጋጨ ጠብታ ይሆናል። የብሎኖቹንም ርቀት ለካ። ከመሃል እስከ መሃል በዓይን አትገምት፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ከሆኑ ከአንዱ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ ለካ፣ ያው ነው።

ዳዊት፦ ይቺ ጥሩ ናት! እኔ ሁልጊዜ መሃሉን ስፈልግ ነው የምቸገረው።

ሜሮን፦ ማዘንበሏንም እይ። ካርቡራተሩ ከታሰረ በኋላ ቤንዚን የሚይዘው ጎድጓዳ ከተጋደመ ተንሳፋፊው በትክክለኛው ከፍታ አይዘጋም፤ ወይ ይፈሳል ወይ ያንሳል። ደግሞ በሞተሩ የመሳብ ኃይል የሚከፈት የነዳጅ ቧንቧ ያላቸው ሞተሮች አሉ፤ እነሱ ማኒፎልዷ ላይ ለጎማው ቱቦ ትንሽ አፍ ይፈልጋሉ። የገዛሃት ያ አፍ ከሌላት ታንከሩ ሞልቶም ሞተሩ በጥም ይሞታል።

ዳዊት፦ የኔ በእጅ የሚከፈት ነው። በማኒፎልዷና በካርቡራተሩ መካከል የነበረችውን ጥቁር ወፍራም ነገር ግን... ጣልኳት። ብረት በብረት ይሻላል ብዬ።

ሜሮን፦ ዳዊት! እሷ እኮ የሞተሩ ራስ፣ የቴስታታው ሙቀት ወደ ካርቡራተሩ እንዳይሻገር የምትከለክል ናት። ቤንዚኑ ከሞቀ ገና ሳይደርስ መትነን ይጀምራል። አንተ ደግሞ እሷ ስትወጣ ክፍተቱን ለመዝጋት ብሎኑን አጠበቅከው፣ አይደል?

ዳዊት፦ እስኪበቃው።

ሜሮን፦ ማኒፎልዷን የሚያጣምመው ያ ነው። መሃሉ ሳይነካ ጆሮዎቹ ወደ ብሎኑ ይጎነበሳሉ። ከዚያ አየር በጎን ይሰርቃል፤ ካርቡራተሩ ያልለካው አየር ስለሆነ ቤንዚኑ ይቀጥናል፣ ሚኒሞው ይሰቀላል፣ ካንዴላውም ይነጣል።

ዳዊት፦ ካንዴላዬስ ነጭ ነበር... ሞተሩ ላይ እንዳለ እንዴት አውቃለሁ?

ሜሮን፦ በሚኒሞ እየሠራ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ጠብ አድርግ፤ ድምፁ ከተለወጠ እዚያ ጋ ይተነፍሳል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንተ እንዳትሞክረው። አሁን ግን በእጃችን ስላለች ቀላል ነው። ስልክህን አምጣ።

ዳዊት፦ ስልኬን?

ሜሮን፦ መስተዋቱ ዝርግ ነው። የማኒፎልዷን ፊት እሱ ላይ አስደግፍ፣ ወደ መብራቱ ያዛት። ምን ታያለህ?

ዳዊት፦ ...ብርሃን ያሳልፋል። መሃሉ ላይ በደንብ ይታያል።

ሜሮን፦ ይኸውልህ።

ዳዊት፦ ቆይ፣ ታዲያ ይኼ 30ው ምንም አላጠፋም?

ሜሮን፦ እሱም ትልቅ ነው፣ በ27 ቀይረው። ግን 27ቱንም በዚች ጠማማ ማኒፎልድ ላይ ብታስረው ሚኒሞው አይወርድም ነበር። ደቃቅ የአሸዋ ወረቀት መስተዋት ላይ ዘርግተህ የ8 ቁጥር እየሠራህ ፈትጋት፤ ብርሃኑ እስኪጠፋ።

ዳዊት፦ መስተዋት ስትዪ...

ሜሮን፦ የስልክህን አላልኩም!