ግድግዳ ውስጥ ስለሚገባ የባሕር ውሃ አኳሪየም፦ ከጎጃም አድማጮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ በሳሎንና በዕቃ ቤት መካከል ያለውን የብሎኬት ግድግዳ ከፍቼ ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም ላስገባ ነው። ግድግዳው ይችለዋል?

መልስ፦ ግድግዳው ምንም መሸከም የለበትም። ውሃው፣ መስታወቱ፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲደመር ከ550 ኪሎ አያንስም። ይህን የሚሸከመው ከግድግዳው ጋር ያልተያያዘ፣ በ50 በ50 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ የተበየደ የብረት ማቆሚያ ነው። ጨው ብረት ስለሚበላ ብየዳው ሳይቀር በኢፖክሲ ይቀባ። ቤቱ ፎቅ ላይ ከሆነ መጀመሪያ መሐንዲስ ወለሉን ይየው።

ከክፍተቱ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከም አርኪትራቭ (አግዳሚ ተሸካሚ) ይግባ። በመስታወቱና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ይተዉና በእንጨት ፍሬም ይሸፍኑት። ብዙ ሰው ለማሳመር ብሎ ክፍተቱን በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ ግድግዳው ትንሽ ሲሰምጥ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ከገንዳው አፍ በላይ 50፣ ከኋላው ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልግዎታል፤ ያለዚያ እጅዎን አስገብተው ማጽዳት አይችሉም። የጭቃ ቤት ከሆነ ግን ምሰሶ ቆርጠው አያስገቡት፤ እርጥበቱም ጭቃውን ይፈታዋል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የጣናን ውሃ ቀድቼ የገበያ ጨው ብጨምርበትስ?

መልስ፦ አይሆንም። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየምና 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይግዙ፤ ለ400 ሊትር 15 ኪሎ ያህል ይበቃል። የሐይቁ ውሃ ደለልና በሽታ፣ የቧንቧው ደግሞ ክሎሪን ይዞ ስለሚመጣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። በሌላ በርሜል በጥብጠው ለአንድ ቀን በፓምፕ ያዙሩት፤ የጨው መጠን መለኪያው (ሪፍራክቶሜትር) ከሺህ 35 ማንበብ አለበት። ውሃው ተኖ ሲጎድል የሚጨመረው ጨው የሌለው ውሃ ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለምና። አሣ የሚገባው በውሃው ውስጥ የሚፈጠሩት ለአሣ መርዝ የሆኑት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ መብራት ሲጠፋ አሣዎቹ በብርድ አይሞቱብኝም?

መልስ፦ ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራው የኦክስጅን ማነስ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም እንዲሁ። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ዳርቻ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ የሚይዘው የባሕር ውሃ፣ እዚያ የሚይዘው 5 ገደማ ነው። ስለዚህ በመመሪያዎች ላይ የሚያነቡትን የአሣ ብዛት በግማሽ ይቀንሱት። ግማሽ ማለታችን በዛ ሊመስልዎ ይችላል፤ ግን መብራት ሌሊት ሲጠፋ የሚተርፈው በዚህ ነው። መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚነሳ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ይግጠሙ። ፓምፑ የሚስበው የክፍሉን አየር ስለሆነ እዚያ ከሰል አይቀጣጠል፣ የትንኝ መርጫም አይነፋ፤ መርጫው ለአሣ መርዝ ነው። ለብርዱ መስታወቱን በብርድ ልብስ መሸፈን ለጥቂት ሰዓት ያቆየዎታል።

ሌላው አደጋ ጎርፍ ነው። ውሃውን ከታችኛው የማጣሪያ ገንዳ ወደ አኳሪየሙ የሚመልሰው ፓምፕ ሲቆም፣ የላይኛው ውሃ በመመለሻው ቱቦ ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። ቱቦው ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርገው 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ አየር ሲገባበት መውረዱ ይቆማል። እስኪቆም ለሚወርደው ውሃ ታችኛው ገንዳ ውስጥ ባዶ ቦታ ይተዉ፤ አሣ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱን ነቅለው ይሞክሩት፣ ቀዳዳውንም በየሳምንቱ ይጥረጉ።