ቡና ማፍላት ስንት ሥራ ነው?

(ምስል፦ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና)

ሰላም ናችሁ? ያለሁት ጅማ ነው፣ እኛ ቤት ማድቤት። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። እናታችን እስካሁን ልብሱን ታለብሰዋለች፣ ዳቦውን ትቆርስለታለች፣ ሁሉንም በፍቅር። ግን እሷ ስትደክምስ?

ስለዚህ ራሱን ችሎ እንዲሠራ ማስተማር በቡና ጀመርን። ጎረቤት «ወንድ ልጅ ጀበና ስር ምን ይሠራል?» ይላል። ነገ ብቻውን ሲሆን ማን ሊያፈላለት ነው?

«ቡና አፍላ» ሲባል አንድ ሥራ ይመስላል። እስቲ ቁጠሩት፦ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናውን መጣድ፣ ቡናውን መጨመር፣ እንዳይገነፍል መጠበቅ፣ አውርዶ ማስከን፣ መቅዳት፣ ማቀበል... እኛ በትንንሹ ስንበትነው 14 ሆነ። የእያንዳንዱን ፎቶ በስልክ አንስተን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል አይደለም፣ የራሳችን ጀበና ነው።

(ምስል፦ ሲኒ የያዙ ሁለት እጆች)

ያስተማርነው ግን ከመጨረሻው ነው። 13ቱን እኛ ሠራን፣ ሲኒውን ለእማዬ ማቀበል ብቻ ለሱ ተረፈ። በሁለት እጁ ያዘ፣ ዓይኑን ከሲኒው አፍ ሳይነቅል ቀስ ብሎ ሄደ፣ ሰጣት። «እደግ ልጄ!» አለችው። ሥራው ሁሌ በሱ እጅ ያልቃል፣ ምርቃቱም የሱ ነው። ያ ሲለምድ ከፊቱ ያለውን ጨመርንለት፣ መቅዳትን፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ።

አንድ ነገር አደራ፣ ወሬ ቀንሱ። «አሁን አንሳው፣ አሁን ቅዳው» እያላችሁ ካስለመዳችሁት ድምፃችሁን ካልሰማ አይንቀሳቀስም፣ ይህን ማስተው ደግሞ ከባድ ነው። በመጀመሪያ እጁን ያዙ፣ ቀጥሎ ክርኑን ንኩ፣ ከዚያ ፎቶውን ጠቁሙ፣ በመጨረሻ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መጠበቁ ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። ሒሳብ ባይችልም ባለሱቁ «35» ሲለው 50 ሰጥቶ መልስ መጠበቅ ይችላል። ቤት ውስጥ የቻለውን ሱቅ ሲሄድ ሊያጣው ስለሚችል ግን እዚያው ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ ደግማችሁ አለማምዱት። ባጃጅ ላይም እንደዚያው።

(ምስል፦ ረከቦት)

አሁን አቦሉን የሚቀዳው እሱ ነው። ቶናው ላይ ግን እጁ ይፈጥናል፣ ይደፋበታል። በዚህ ሳምንት ቶናውን ነው የምንለማመደው።