«ፋይሉ የለም» ከማለታችን በፊት
በደብረ ብርሃን ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች በተሰጠ ሥልጠና መዝጊያ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከየወረዳው በዚህ ውርጭ የመጣችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

ፋይንድ የተባለው የኮምፒዩተር ትእዛዝ ፋይልን በስሙ፣ በመጠኑና በተለወጠበት ቀን እንደሚፈልግ፣ ግሬፕ የተባለው ትእዛዝ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን ቃል እንደሚያወጣ ስትሠሩበት ሰንብታችኋልና አልደግመውም። እኔ የመጣሁት «ፋይሉ የለም» ስለምንላት ቃል ልናገር ነው።

ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ቢሮ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የይዞታ ማስረጃ ፍለጋ ከመሐል ሜዳ መጡ። የባለቤታቸውን ስም ነገሩኝ፤ እኔም «ሀይለስላሴ» ብዬ ተየብኩ። ኮምፒዩተሩ አንድም መስመር አላወጣም። «ፋይሉ የለም፣ እማማ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አመስግነውኝ ሄዱ፤ ያ ምስጋናቸው እስከ ዛሬ ያመኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎችን በራሳቸው ወጪ አሳፍረው ለምስክርነት ይዘው ተመለሱ፤ እኔም ያንኑ ተይቤ ያንኑ መለስኩላቸው። በሦስተኛው ምልልስ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ሳነብ «ኃይለ ሥላሴ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ሰነዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር።

ለእኛ ሞክሼ ፊደላት በድምፅ አንድ ናቸው። ፊደላችን ለየፊደሉ የኮምፒዩተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም፣ ሲገባ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘዋል፤ ግሬፕም የሚያስተያየው ቁጥሮቹን ነው። በዚህ አንድ ስም ላይ ብቻ የመጀመሪያው ፊደል በ6 መንገድ፣ «ሥ» በ2፣ «ሴ» በ2 ይጻፋሉ፤ ስሙም ተነጣጥሎ ወይም ተያይዞ ሊጻፍ ስለሚችል በጠቅላላው 48 አጻጻፍ ይወጣዋል። እኔ ከ48ቱ አንዱን ብቻ ሞክሬ ባልቴቷን ሁለት ጊዜ መለስኩ!

አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ባለሙያ ኬን ቶምፕሰን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ግሬፕን ሲጽፍ የእኛ ሞክሼ ፊደላት አላስጨነቁትም፤ ሆኖም የማዕዘን ቅንፉ ለእኛም ይበቃል፦

[ሀሃሐሓኀኃ]ይለ *[ሥስ]ላ[ሴሤ]

በቅንፍ ውስጥ ካሉት አንዱ ከተገኘ ይበቃል፤ ከባዶ ቦታው ቀጥሎ ያለው ኮከብም ባዶ ቦታው ኖረም አልኖረም ያሳልፋል። የኮምፒዩተሩ የቋንቋ ቅንብር በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች በኮምፒዩተር በሚጻፉበት ስልት) መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ይህን በእጅ መጻፍ አድካሚ ነው የሚል ካለ፣ ስክሪፕት፣ ማለትም ተከታታይ ትእዛዞችን የያዘ ፋይል፣ መጻፍ የተማርነው ለዚህ ነው! የተተየበውን ስም ተቀብሎ እያንዳንዱን ሞክሼ ጽሑፍ በሚተካው በሴድ ትእዛዝ ወደ ቅንፍ የሚለውጥ፣ ከዚያ ለግሬፕ የሚያቀብል ስክሪፕት ከሃያ መስመር አይበልጥም። አንድ ጊዜ ጽፎ ለሥራ ማዋል ሲቻል ባለጉዳይን ከመንዝና ከተጉለት ማመላለስ በደል ነው፤ ይህን በደል «ሲስተሙ አላገኘውም» በሚል ቃል መሸፈናችንን ከዛሬ ጀምሮ ማቆም አለብን።

ባዶ ቦታ ያለበትን የፋይል ስም በትምህርተ ጥቅስ እቀፉት፤ አለበለዚያ ትእዛዛችንን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ሼሉ፣ ለሁለት ይቆርጠዋል። የወርድ ሰነዶች ታምቀው ስለሚቀመጡ፣ ስካን የተደረጉት ደግሞ ሥዕል ስለሆኑ ግሬፕ በቀጥታ አያነባቸውም፤ ስለዚህ የስም ዝርዝሩን በተራ የጽሑፍ ፋይል ያዙ።

ስክሪፕቱ በየኮምፒዩተሮቻችሁ ላይ ተጭኗል። ሰኞ ቢሮ ስትገቡ፣ ባለፈው ወር «የለም» ተብለው የተመለሱትን ባለጉዳዮች ስም ከመዝገባችሁ አውጥታችሁ አንድ በአንድ እንደገና ፈልጉላቸው።

አመሰግናለሁ።